አንድ ቁርጭምጭሚት፣ ሁለት የፊዚዮቴራፒ ቤቶች

ሐምሌ ውስጥ ነው የወደቅኩት። ከታክሲ ስወርድ ጎርፍ የሸፈነው የተሰበረ የእግረኛ መንገድ ላይ ረገጥኩ፣ እግሬ ዞረ፣ ሰውነቴ በሙሉ ከላዩ ወረደበት። ድምፁን ሰማሁት። ራጅ ሲነሳ ቁርጭምጭሚቴ በሁለቱም ጎን ተሰብሯል። እብጠቱ እስኪጎድል አምስት ቀን ተጠበቀ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። በውጪው ጎን ብረት ከነብሎኑ፣ በውስጡ ደግሞ ሁለት ብሎን ገባልኝ፣ ስድስት ሳምንት መሬት እንዳልረግጥም ተነገረኝ። ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ተሠርቷል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ የምጽፈው ጀሶው ከወለቀ በኋላ ስለመጣው ነው። እንደ ብዙ ሰው እኔም ጀሶ ሲወልቅ ሕክምናው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የወለቀ ቀን እግሬን ሳየው ደነገጥኩ። ባቴ ከስቶ ቆዳው ተንጠልጥሏል። ቁርጭምጭሚቴን ላንቀሳቅስ ስል እንደ እንጨት ነው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና «አጥንቱ ይዟል፣ አሁን ቀስ እያልሽ ርገጪ» አለኝ። ምን ያህል ልርገጥ? በአንድ ክራንች ነው በሁለት? ደረጃስ እንዴት ነው የምወጣው? ልጠይቀው አፌን ስከፍት ሲስተሯ የሚቀጥለውን ሰው ጠርታለች። ፊዚዮቴራፒ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። የዚያን ቀን በር ላይ የነበረውን ሰልፍ ስላየሁ ሐኪሙ ላይም አልፈርድም። ግን ያኔ ያልተነገረኝ ነገር ብዙ ሳምንት አባክኖብኛል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። መጀመሪያ ሰሞን ደረጃውን ተቀምጬ እየተንፏቀቅኩ ነበር የምወርደው፣ ስወጣ ደግሞ ጎረቤት ክራንቼን ይዞልኝ በመከታው ብረት ራሴን እየጎተትኩ። መምህርት ነኝ፣ ሥራዬ ቆሞ መዋል ነው። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ እኔ ግን ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ግድግዳ እይዛለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ናት «ፊዚዮቴራፒ ሂጂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ» ያለችኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ትልቅ ነው። ንጹሕ ነው፣ ማሽኑ ብዙ ነው፣ ሰዎቹም ትሑት ናቸው። ለአንድ ጊዜ 700 ብር ከፈልኩ። አልጋ ላይ ተኛሁ፣ እግሬ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ለጠፉልኝ፣ ሃያ ደቂቃ ነዘረኝ። ከዚያ ቀይ መብራት አበሩልኝ፣ ሞቀኝ። ከዚያ በቅባት አሹኝ፣ አለቀ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ስወጣ ይቀለኛል። ማታ ግን እግሬ እንደነበረው ነው። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ 4,200 ብር ማለት ነው፣ በስድስቱ ጊዜ አንድም ሰው አቁሞኝ አላየኝም። ስንተኛ ፎቅ እንደምኖር የጠየቀኝ የለም። እግሬ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የለካ የለም። ቤት ሄጄ ምን እንደምሠራም አልተነገረኝም፣ ስጠይቅ «ብዙ አታስጨንቂው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እናየዋለን» ነበር መልሱ።

ያን ማሽን አልጠላውም። ንዝረቱም ሙቀቱም ሕመም ያስታግሳል፣ ለአንዳንድ ሰው በጣም ያስፈልጋል። ግን ስድስት ሳምንት ታስሮ የደረቀ መገጣጠሚያ የሚላቀቀው በእንቅስቃሴ ነው፣ የከሳ ጡንቻ የሚመለሰውም ሲሠራ ነው። ተኝቶ የሚወሰድ ነገር ይህን ሊያደርግ አይችልም። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁለተኛው ቦታ ሄጄ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የእናቴን ጉዳይ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ቤት ያለ ነገር ነው። እናቴ ከመጀመሪያውም «ወጌሻ ይይሽ» ስትል ነበር። አብሽ አፍልታልኛለች፣ የቅልጥም መረቅ አጠጥታኛለች፣ ምግቡን በደስታ ጠጥቻለሁ። ማሸቱን ግን እምቢ አልኩ። ወጌሻ የሚባሉ አባቶችን አልንቅም፣ ሐኪም በሌለበት አገር ስንቱን ሰው አቁመዋል። እንዲያውም ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ ሜዳ የሚገባውን ባለሙያ ዛሬም ወጌሻ ነው የምንለው። ግን በተሰበረ እጅ ወይም እግር ላይ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደም እያገደ ስንት ልጅ እጁን አጥቷል፣ ይህን የአጥንት ሐኪሞቻችን ሁሉ በየጊዜው የሚያዩት ነው። ታስሮ ጣቱ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከመጠን ካለፈ በዚያው ሰዓት መፍታትና ሆስፒታል መሮጥ ነው። ሁለተኛው ነገር በጉልበት ማሸት ነው። የአክስቴ ልጅ ክርኑን ተሰብሮ ጀሶው ሲወልቅ እጁ አልዘረጋ አለ፣ ወስደው በጉልበት አሳሹት፣ ክርኑ ጭራሽ ተቆለፈ። በኋላ በራጅ ሲታይ ጡንቻው ውስጥ አጥንት በቅሏል። ክርን በተለይ እንዲህ ያለ ጉልበት አይወድም፣ የሚፈታው በራሱ በታካሚው እንቅስቃሴ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ትንሽ ነው። ሁለት ክፍል፣ ሦስት አልጋ፣ ግድግዳው ላይ መስታወት፣ ጥግ ላይ ከእንጨት የተሠራ ሦስት እርከን ደረጃ። ፊዚዮቴራፒስቱ ወጣት ልጅ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ራጄን ማየት ነው። ቀጥሎ ወረቀት አወጣና «ቲቸር፣ በዚህ እግር ምን ማድረግ ነው የሚፈልጉት?» አለኝ። መራመድ አልኩት። «እሱማ ሁሉም ሰው ይፈልጋል፣ የእርስዎን ይንገሩኝ» አለ። ነገርኩት። አራት ፎቅ መውጣትና መውረድ። አራት ክፍለ ጊዜ ቆሞ ማስተማር። የእናቴ ቤት መጸዳጃው የመሬት ነው፣ እዚያ ቁጢጥ ማለት። ቤተ ክርስቲያን መቆምና መስገድ። ለጥምቀት ታቦት መሸኘት። ሁሉንም ጻፈ። ያንን ወረቀት እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከፋይሌ ውስጥ እያወጣ ያየው ነበር።

ከዚያ አቆመኝ። ጫማዬን አውልቄ የእግሬን ጣት ከግድግዳ አስነካሁ፣ ተረከዜን ሳላነሳ ጉልበቴን ወደ ግድግዳው እንዳስጠጋ ነገረኝ። በደህናው እግር ጣቴን ከግድግዳው 11 ሳንቲሜትር አርቄም ጉልበቴ ይደርሳል። በተሰበረው እግር ጣቴ ግድግዳውን ነክቶ እንኳ ጉልበቴ አልደረሰም። ለምን እንደሚለካው አስረዳኝ፦ ደረጃ ስንወርድ፣ ቁጢጥ ስንል፣ ስንሰግድ ቁርጭምጭሚት ወደ ፊት መታጠፍ አለበት፣ እሱ ካልታጠፈ ሰውነት ጭነቱን ወደ ጉልበትና ወገብ ያዞረዋል። ማስመሪያ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው። ያኔ ነው ያለፉት ሦስት ሳምንታት የቆጩኝ።

ሌላው ሚዛኑ ነው። መንገድ ላይ ልጆች ሰው የሚመዝኑባትን ዓይነት ሚዛን አመጣና የታመመውን እግሬን ላይዋ አስቀመጠኝ። «20 ኪሎ ይጫኑ፣ ቁጥሩን እያዩ» አለኝ። ጫንኩ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑና ያንኑ ያህል ይጫኑ አለ። ስከፍት 8 ኪሎ ነው። እየፈራሁ እንደነበር በዓይኔ አየሁት። ሐኪሙ «ቀስ እያልሽ ርገጪ» ያለኝ ነገር እዚህ ቁጥር ሆነልኝ። መጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 35፣ ቀጥሎ ሙሉ ክብደት፣ ይህም ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ነው። የአንዳንዱ ስብራት ቶሎ መርገጥ ይፈቅዳል፣ የአንዳንዱ አይፈቅድም፣ ስለዚህ የእኔን ቁጥር ወስዳችሁ በራሳችሁ እግር አትሞክሩት።

ክራንቹንም አስተካከለልኝ። ወደ አንድ ክራንች ስወርድ በታመመው እግር በኩል ነበር የምይዘው፣ ለእኔ እሱ ነበር ልክ የሚመስለኝ። ክራንች ወይም ከዘራ በደህናው እግር በኩል ነው የሚያዘው። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ስትወርዱ ክራንቹና የታመመው እግር ይቀድማሉ። በእንጨቷ ደረጃ ላይ አሥር ጊዜ ያህል አመላለሰኝ። የዚያን ቀን ማታ ቤቴ በእግሬ ወጣሁ፣ በየፎቁ እያረፍኩ፣ ግን ማንም ሳይዘኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ እልል አለች።

የቤት ሥራው ከባድ ነው፣ ይህን ሳልደብቅ ልናገር። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው እሱ ጋር የምሄደው፣ የቀረውን ቀን ሁሉ ቤቴ ነው የምሠራው፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ለመጎተቻ የሚሆን ላስቲክ ውድ ነው ስለው ከጎሚስታ የብስክሌት ካላማዳሪያ እንዳስቆርጥ ነገረኝ። አንዱን ጫፍ ከአልጋ እግር ጋር አስሬ በሌላው እግሬን ወደ አራቱም አቅጣጫ መጎተት ነው። ፎጣ መሬት ላይ ዘርግቼ በእግር ጣቴ መሰብሰብ። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሳት፣ በመጀመሪያ በሁለት እግር፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በአንድ እግር። ጥርሴን ስቦርሽ በአንድ እግር መቆም፣ እሱ ሲለምድልኝ ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ላይ መቆም። የመጨረሻው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው መገጣጠሚያው ዙሪያ ያሉት ጅማቶች እግሬ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደዞረ ለአእምሮ የሚነግሩ ነርቮች እንዳሏቸው ነገረኝ፣ ጉዳት ሲደርስና ታስሮ ሲከርም ይህ ስሜት ይደክማል፣ ካልተለማመደ እግሩ ጠጠር በረገጠ ቁጥር ይዞራል። ወለም ብሏቸው «እግሬ ደጋግሞ ይዞራል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የቀረባቸው ይህ ነው። አጥንት ባይሰበርም ማለት ነው።

ሁሉንም እንቅስቃሴ በራሴ ስልክ ቀርጾ ሰጠኝ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቤት ስገባ ግማሹን እረሳዋለሁና።

ስለ ሕመም የነገረኝን ደግሞ በየቀኑ ነው የተጠቀምኩበት። ከአሥር ሦስት ወይም አራት ቢያማችሁ ችግር የለም፣ ግን በማግስቱ ጠዋት መርገብ አለበት። ጠዋት ስትነሱ ከትናንቱ የበለጠ ካበጠ ወይም ካመመ አብዝታችኋል፣ አትተዉት፣ ቀንሱት። በፊት ሲያመኝ ብረቱ የተነቀለ እየመሰለኝ ሁለት ሦስት ቀን እተኛ ነበር። ማታ ማታ ማበጡም አስፈርቶኝ ነበር፣ ከቁርጭምጭሚት ስብራት በኋላ እብጠት ወራት ሊቆይ እንደሚችል የነገረኝ እሱ ነው። እግር ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል።

አንድ ቀን ደግሞ ከእኔ በፊት ቀጠሮ የነበራቸው አባት ባታቸው አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነካ እያመማቸው መጡ። አልነካቸውም። ገንዘብም አልተቀበለም። በዚያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ላካቸው። ከስብራት ወይም ከኦፕራሲዮን በኋላ ባት እንዲህ ሲሆን የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ደረት ሕመም ከተጨመረበት ደግሞ ደቂቃም አይጠበቅም። ሰውዬውን ቢያሻቸው ኖሮ ብዬ ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። እኔ ቦታውን ሙሉ በሙሉ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

መጠበቂያው ላይ ካየኋቸው አንዷን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የእጅ አንጓቸው ላይ የተሰበሩ እናት ነበሩ። እጃቸው በጀሶ ሳለ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ ያላቸው ሰው ስላልነበረ አንጓው ብቻ ሳይሆን ጣቶቻቸውም ደርቀው፣ ትከሻቸውም ተይዞ ነው የመጡት። ጀሶ ውስጥ ያልገባውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ማንቀሳቀስ ይገባ ነበር። የፈለጉት ነገር ቡና መቅዳት ነው፣ ሌላ አልጠየቁም። ፊዚዮቴራፒስቱ ጀበና ከቤታቸው እንዲያመጡ ነገራቸው። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ትንሽ ውሃ፣ ቀጥሎ ሞልተው ወደ ሲኒ ይቀዳሉ። ክንድን ማዞር የሚያለማምድ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ኅዳር ላይ ለሁላችንም በፔርሙስ ሳይሆን በጀበናቸው ቡና ይዘው መጥተው በራሳቸው እጅ ቀዱልን።

ጉድለቱንም ልጻፍ። ቦታው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ እግር ለተሰበረ ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነው። በዊልቼር የሚመጡ ሰዎችን ዘመድ ተሸክሞ ሲያወጣ አይቻለሁ። በአልጋዎቹ መካከል ያለው መጋረጃ አጭር ነው፣ ዳሌያቸውን ወይም ወገባቸውን የሚታከሙ ሴቶች ሲሳቀቁ አይቻለሁ፣ ነግሬዋለሁም፣ እስክጨርስ አልተቀየረም። የጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አንዳንዴ 4 ሰዓት ይሆናል። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም፣ መሥሪያ ቤታችሁ ወጪ የሚመልስላችሁ ከሆነ ጠይቁ። ሴት ባለሙያ የለም።

ክፍያው በአንድ ጊዜ 500 ብር ነበር። በአሥራ ሁለት ሳምንት አሥራ አራት ጊዜ ሄድኩ፣ 7,000 ብር። ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል መጨረሻ አካባቢ «በየሁለት ሳምንቱ ይምጡ፣ ሥራውን ቤትዎ እየሠሩት ነው» ብሎ ራሱ ያራራቀልኝ። ለግል መክፈል የሚከብደው ሰው እንደ ጥቁር አንበሳና አለርት ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል እንዳላቸው ይወቅ፣ ክፍያቸው ከግል በብዙ ያንሳል። ወረፋ አለው፣ ስለዚህ ጀሶው ሳይወልቅ ገና ሪፈር እንዲጽፉላችሁ ለምኑ። ሐኪሙ ረስቶ ከሆነ እናንተ አትርሱ።

የትኛውም ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው ቀን ምን ታደርጉልኛላችሁ? «እንለካለን፣ እናያለን፣ እንጠይቅዎታለን» ካሉ ጥሩ ነው። የቤት ሥራ ትሰጣላችሁ? ይሄኛው መልሱ አዎ ካልሆነ እኔ ብሆን አልሄድም። ማሽን ስንት እንዳላቸው መጠየቅ አያስፈልግም።

የእኔ እግር የደረሰበትን ደግሞ ይኸው። በአራተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ 3 ሳንቲሜትር ደረሰ። በአሥራ ሁለተኛው 8። ደህናው 11 ነው፣ ስለዚህ ገና ነኝ። በአንድ እግር ተረከዜን አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳለሁ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ የሚፈልገው ሃያ ነው። ኅዳር ላይ ክፍል ገባሁ፣ መጀመሪያ ወንበር ይዤ፣ አሁን ቆሜ። የእናቴ ቤት ቁጢጥ ማለት ችያለሁ፣ ለመነሳት በእጄ ግድግዳውን እደገፋለሁ። ስግደቱ ላይ የተሰበረው እግሬ ትንሽ ይቀራል፣ ቄሱ ግን ተቀምጠሽ ጸልዪ ብለውኛል። ቅዝቃዜ ሲሆን ብረቱ ያለበት ቦታ ይጠዘጥዘኛል።

ለጥምቀት ከአጥቢያችን ታቦቱን ተከትዬ እስከ ጃንሜዳ በእግሬ ሄድኩ። ስመለስ በታክሲ ነው፣ ማታ እግሬ አብጦ ነበር፣ ጠዋት ረገበ። ወረቀቱ ላይ ካጻፍኩት ሁሉ ያቺን መስመር እሱ ራሱ ነው በእስክሪብቶ የሰረዛት፣ ቀኑንም ከጎኗ ጻፈባት። ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት የምሠራውን ሌላ ገጽ ሞልቶ ሰጥቶኛል። ካላማዳሪያዋ አሁንም ከአልጋዬ እግር ጋር እንደታሰረች ናት፣ ይህን ጽፌ ስጨርስ የማታው ተራዬ ነው።